ድምፅ ለአንትሮፖሎጂ ምኑ ነው? (መልስ)
ድምፅ የሙዚቀኞች ጉዳይ እንጂ እንዴት የሰውን ባህልና ማኅበራዊ ኑሮ የሚመረምረው የአንትሮፖሎጂ ጥናት ይሆናል ብለው ለጠየቁት፣ ከሰሜን አውስትራሊያዋ ዳርዊን የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ከተማዋ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች (አቦርጂናሎች) አንዱ የሆነው የላራኪያ ሕዝብ ምድር ስትሆን፣ ከሩቅ መንደሮች የመጡ ሌሎች አቦርጂናሎችም፣ ከፊሎቹ መጠለያ አጥተው ሜዳ ላይ እያደሩ፣ ይኖሩባታል። አንትሮፖሎጂስቱ ዳንኤል ፊሸር በዚያ አካባቢ የአቦርጂናል ሬዲዮን ሲያጠና፣ አድማጮች ለእናት፣ ለወንድም፣ እስር ቤት ላለ ዘመድ ጭምር ስም እየጠሩ ሰላምታ የሚልኩባቸው የዘፈን ምርጫ ዝግጅቶች ዝምድናን እንዴት እንደሚያስቀጥሉ ተከታትሏል። በእኛም አገር የሬዲዮ ዘፈን ምርጫን ለሚያስታውስ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ መንግሥት እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የአቦርጂናል ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥቆ ይወስድ በነበረበት አገር፣ የዘመድን ስም በአደባባይ መጥራት ከተራ ሰላምታ ያለፈ ትርጉም አለው።