ኦቦና ቫዮሊን ይዛችሁ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ለምትመጡ

አውሮፓም አሜሪካም በኦቦ (በሪድ በሚነፋው የእንጨት መሣሪያ)፣ በቫዮሊን፣ ወይም ከቫዮሊን ተለቅ በሚሉት የክር መሣሪያዎች በቪዮላና በቼሎ የምትተዳደሩ ልጆቻችን ድሬና ሐረር መጥታችሁ ለመጫወትና ለማስተማር ስታስቡ በቅድሚያ የምትጨነቁት ስለምትጫወቱት ሙዚቃ ነው። ጉዞውን የሚያበላሹት ግን ወሩ፣ ሪዱ (ኦቦው የሚነፋበት ቀጭን የሸምበቆ ምላስ) እና ወረቀቱ ናቸው።

ከገንዘቡ እንጀምር። የኦቦ ሥራ ጠባብ ነው። በአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ የክር ተጫዋቾቹ ስድሳ ሲጠጉ ኦቦዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ብዙው ኦቦ ተጫዋች የሚኖረው በማስተማር፣ ሰው ተክቶ በመጫወትና ሪድ ሠርቶ በመሸጥ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሲጠፋ ሦስቱም ገቢ ይቋረጣል። ፈረንሳይ ያላችሁ የአርቲስቶችን አበል ለማግኘት በ12 ወር ውስጥ 507 ሰዓት መሙላት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። እዚህ በነፃ የምትጫወቱት ሰዓት አይቆጠርላችሁም፤ የጎደላችሁን አስልታችሁ ተነሱ። የቲኬት ሽያጭ የአራት ሰው ቡድን (የኳርቴት፦ ኦቦ፣ ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ) ወጪ ይሸፍናል ብላችሁም አታቅዱ። ወጪው ከምትኖሩበት አገር የባህል ድጋፍ መምጣት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ከዓመት በፊት ማመልከት ይሻላል። አራታችሁ ደግሞ ነገሩን በጽሑፍ አድርጉት፦ አንዱ ቢቀር የአውሮፕላን ትኬቱ የማን ዕዳ ነው? ለቼሎ የሚገዛው ተጨማሪ ወንበር የአራታችሁ ወጪ እንጂ የቼሎ ተጫዋቹ ብቻ አይሁን። ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በእንዲህ ዓይነቱ ሳይነገር በታለፈ ነገር ነው።

ወሩን በተመለከተ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ኑ። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል። በ20 ዲግሪ ሁሉም የሚቃኙበትን «ላ» ድምፅ በ440 ሄርዝ የሚሰጥ ኦቦ በ32 ዲግሪ ወደ 446 ሊወጣ ይችላል፤ ክሮቹ በተቃራኒው በሙቀት ይላላሉ። ስለዚህ ኦቦው ተነፍቶበት ሳይሞቅ «ላ» አትቀበሉት፤ በክፍሎቹ መሀል ደግማችሁ ቃኙ። ከአንጀት የተሠራ ክር ትታችሁ ብረት ወይም ሰው ሠራሽ ክር ግጠሙ። መሣሪያ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አትተዉ፤ ቫዮሊንና ቼሎ የተጣበቁበት የቆዳ ሙጫ በሙቀት ይለቃል። ጠርዙ ከተከፈተ በአናጢ ሙጫ አታስይዙት። ከዚያ በኋላ ባለሙያ ሊከፍተው ሲሞክር እንጨቱ አብሮ ይሰነጠቃል። ክሮቹን አላልታችሁ እስክትመለሱ አቆዩት።

አሁን ወደ ሪዱ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። በደንገጎ ዳገት ወጥታችሁ በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ስትዘልቁ በአንድ ጠዋት 700 ሜትር ሽቅብ ወጣችሁ ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ሪዱ ይደነድናል፤ ትናንት ማታ ድሬ ላይ በቀላሉ ይናገር የነበረው ሐረር ላይ ዝቅተኛዎቹን ድምፆች በቀስታ ማስጀመር ያቅተዋል። ያለቀ ሪድ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቢያንስ ስምንት የታሰሩ ግን ያልተጨረሱ ሪዶች ይዛችሁ ኑ፤ አራቱን ድሬ ላይ፣ አራቱን ሐረር ገብታችሁ አንድ ሌሊት ካደሩ በኋላ ፋቁ። መጀመሪያ ጫፉን አሳሱ፤ ካልበቃ ከጫፉ ኋላ ያለውን ክፍል በሁለቱም ጎን እኩል ጥቂት ፍቃችሁ ሞክሩ። ልቡን (የሪዱን ወፈር ያለ መሀል) አትንኩ፤ ልቡ ከሳሳ ድምፁ ወደታች ይወርዳል፣ መመለሻም የለውም። የሪድ ቢላዋችሁን ወደ ጭነት ሻንጣ አስገቡት፤ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይወሰዳል።

ኦቦው አዲስ እንጨት ከሆነ የላይኛው ክፍል ሊሰነጠቅ ይችላል። ምክንያቱ ውስጡ በትንፋሽ ሲርስና ሲሞቅ ውጪው ደረቅ ሆኖ መቅረቱ ነው። ከመንፋታችሁ በፊት በእጃችሁ አሙቁት፣ በየሃያ ደቂቃው ውስጡን ጥረጉት፣ ቬንትሌተር ፊት አትቀመጡ። ከግሬናዲላ (ኦቦ ከሚሠራበት ጥቁር ጠንካራ እንጨት) ዱቄትና ሬዚን የተሠራ ኦቦ በውሰት ካገኛችሁ ለዚህ ጉዞ እሱ ይመረጣል።

ወረቀቱ አጭር ነው። የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ዋጋና ፎቶ በዝርዝር ያዙ፤ ስትገቡ ጉምሩክ ላይ በጊዜያዊነት መግባቱን አስመዝግባችሁ ወረቀቱን እስክትወጡ ጠብቁ። በስጦታ የሚቀሩትን ከራሳችሁ ጋር በአንድ ዝርዝር አትቀላቅሉ፤ ለእነሱ ከሚቀበለው ትምህርት ቤት አስቀድሞ የተጻፈ ደብዳቤ ይኑር። የዝሆን ጥርስ ወይም የባሕር ኤሊ ቅርፊት ያለበትን አሮጌ ቀስት ቤት ትታችሁ የካርቦን ቀስት ያዙ። የግሬናዲላ ኦቦ ግን ተሠርቶ ያለቀ መሣሪያ ስለሆነ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሳይቲስ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት) ፈቃድ አያስፈልገውም።

ሰዓቱን ከከተማው ጋር አስማሙ። ድሬ ከቀትር በኋላ ያርፋል፤ በዚያ ሰዓት ሰው አትጥሩ። ሐረር ጁገል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ብትጀምሩ አዛንና ሙዚቃ አይጋጩም፣ የአካባቢውም ሰው ደስ ይለዋል። ባለ አምስት ነደባ (መቀመጫ መደብ) የሐረሪ ቤት ለኳርቴት በጣም ይመቻል፤ ምንጣፉ የኦቦውን ድምፅ ስለት ያለዝባል። የወረቀት ኖታ፣ መቆንጠጫና በባትሪ የሚሠራ መብራት ይዛችሁ ግቡ፤ መብራት ይጠፋል፣ ታብሌትም በሙቀት ይዘጋል።

ሞዛርት በ1781 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ለፍሪድሪሽ ራም የጻፈው የኦቦ ኳርቴት 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለመክፈቻ ይበቃል። በመጨረሻው ክፍል ክሮቹ በስድስት ስምንተኛ ምት ሲሄዱ ኦቦው ለ13 ባር (የኖታ ምድብ) በአራት አራተኛ ምት ይሮጣል። በስድስት ስምንተኛ ምት ያደገ አድማጭ ይህን ሳታስረዱት ይሰማዋል። የዓሊ ቢራን ወይም የሌላ የአካባቢውን ድምፃዊ ዜማ አቀናብራችሁ ልታስከትሉ ከፈለጋችሁ ከባለ መብቶቹ በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ስጦታውን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው፦ ኦቦ ትታችሁ አትሂዱ። አንድ ሪድ ከአሥራ አምስት ሰዓት ያህል ልምምድ በኋላ ይደክማል፤ ሪድ የሚሠራለት ሰው የሌለው ልጅ በወሩ መሣሪያውን ይሰቅለዋል። በአንድ ኦቦ ዋጋ ብዙ የተማሪ ቫዮሊን ይገዛል፣ ክሩም በጥንቃቄ ከተያዘ ዓመት ያገለግላል። ማሲንቆ የሚያውቅ መምህር ካገኛችሁ የቀስት አያያዙን ከእሱ ጋር ሆናችሁ አስጀምሩ፤ ጎበዝ የወጣውን ልጅ ለአዲስ አበባው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አዘጋጁት። ከተመለሳችሁ በኋላ ክር ስትልኩ መጠኑን፣ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ መሆኑን፣ በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ በአማርኛ ጻፉ፤ የሙሉ መጠን ክር ለትንሹ ቫዮሊን ይረዝማል፣ በሚገባውም አይወጠርም።