ሐረጎን ወጥቶ ኮምቦልቻ የሚደርስ ህልም

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በፈትል ሥራ በሺፍት እሠራለሁ። ሰው ህልም እያየ ህልም መሆኑን ሊያውቅ፣ እንደፈለገም ሊመራው ይችላል ሲባል ሰምቼ ከሁለት ወር ወዲህ ህልሜን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ጊዜ ተሳክቶልኛል። አሁን ግን ሌሊት 10 ሰዓት በአላርም ተነስቼ ተመልሼ ስተኛ ዱካክ ይጫነኛል። አያቴ «ህልም ተጽፎ አይቀመጥም፣ አቃጥለው» ትለኛለች። ይጎዳኛል? አንድ ገጽ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ደብተሩን አያቃጥሉት። አላርሙን ግን ያጥፉት።

ገጽዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ሐረጎን ሽቅብ እየወጣን ነው። ጭጋግ። ረዳቱ ሂሳብ አልተቀበለኝም። ኮምቦልቻ ደረስን።» እኔ የደሴ ሰው ነኝ፤ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ሐረጎን ሽቅብ የወጣ ሰው የሚደርሰው ደሴ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻማ ቁልቁለት ነው። ከሥሩ በሦስተኛው ቀን የጻፉት ህልም ላይም እንዲሁ ሽቅብ ወጥተው ኮምቦልቻ ገብተዋል! ደብተር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አንድ ህልም ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ሃያ ህልም ተጽፎ ሲነበብ ግን የሚደጋገመው እንግዳ ነገር ብቅ ይላል። ማታ ሲጋደሙ «ሐረጎን ወጥቼ ኮምቦልቻ ከደረስሁ ህልም ላይ ነኝ» እያሉ እንቅልፍ ይውሰድዎ። ቀን በመንገዱ ሲያልፉም የምርዎን «አሁን ነቅቻለሁ ወይስ ተኝቻለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ለይስሙላ ከጠየቁ በህልምዎም ለይስሙላ ይጠይቃሉ።

ነገሩ ተረት አይደለም። እንግሊዛዊው ኪት ኸርን በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አሜሪካዊው ስቲቨን ላበርዥ፣ የተኛው ሰው ህልም ላይ መሆኑን ሲያውቅ አስቀድሞ በተስማሙበት መንገድ ዓይኑን ግራና ቀኝ እንዲያንቀሳቅስ አድርገው በመሣሪያ መዝግበውታል። ዓይን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ህልም በሚደምቅበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ሬም በሚባለው፣ ዓይንና መተንፈሻ ሲቀሩ አብዛኛው ጡንቻ ይታሰራል። ዱካክ የሚሉትም ይኸው ነው፦ አእምሮ ነቅቶ ጡንቻው ገና ሳይፈታ ሲቀር። ደረት ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስላል፤ ከጥቂት ሰኮንድ እስከ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። አይታገሉት፤ በዝግታ ይተንፍሱ፣ አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ። በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ ደግሞ ይጠራዋል።

ሌሊት ነቅቶ መልሶ መተኛት ለዚህ ዓይነቱ ህልም እንደሚረዳ እውነት ነው። ግን ሬም በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ ወደ ንጋት ይረዝማል፤ ያንን ሰዓት በአላርም መቆራረጥ በሺፍት ለተጎዳ ሰው ኪሳራ ነው፤ በማግስቱ ማሽን ላይ ማንጎላጀት አለና። በዕረፍት ቀንዎ ጠግበው ይተኙ፣ በራስዎ ጊዜ ይንቁ። ሲነቁ አይገላበጡ፣ ስልክም አይንኩ። መጀመሪያ መጨረሻውን ይያዙ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ሦስት ቃል ብትሆንም ትጻፍ።

ስለ ጫት ምንም አልጻፉልኝም፣ እኔ ግን እጠይቃለሁ። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ዱካክ መጣብኝ ብሎ ሲያማርር በየጊዜው እሰማለሁ። የሚቅሙ ከሆነ ይህንንም ደብተሩ ላይ ያስፍሩት።

አያትዎ «ህልም እንደ ፈቺው» ከሚለው ትውልድ ናቸውና ስጋታቸው ይገባኛል፤ ለሁሉም ሰው አላወራውም ይበሏቸው። ህልሙና እውኑ ቀን ላይ ከተምታታብዎ፣ በቤተሰብዎ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለ፣ ወይም ተኝተው እየተራገጡ ከአልጋ የሚወድቁ ከሆነ ግን ልምምዱን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። አላርሙን ካጠፉ ከሦስት ሳምንት በኋላም ዱካኩ ካልለቀቀዎ እንዲሁ። ሲመጡ ደብተሩን ይያዙ፤ ህልም አልፈታም፣ የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት ለማየት ነው።