ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት የሕግ ተገዢነት ሥራ፦ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ

የጥያቄው ፍሬ ነገር፦ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት በአስተዳደር ረዳትነት እየሠራሁ ሳለ ሁለት ዕድል ቀርቦልኛል። አንደኛው በአንድ አነስተኛ ድርጅት «የሕግ ተገዢነት ኃላፊ» የሚል መጠሪያ ያለውና ተጠሪነቱ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ የሆነ ቦታ ነው። ሁለተኛው በአንድ ትልቅ ድርጅት የውስጥ ኦዲት ረዳትነት ሲሆን ደመወዙ ያንሳል። የትኛውን ብይዝ ይሻለኛል? የሒሳብ ትምህርት የሌለኝ መሆኑስ እንቅፋት ይሆንብኛል? የሥራ ባልደረቦቼ እንደ ሰላይ እንዳያዩኝም እሰጋለሁ።

ውድ ጠያቂ፣

ሁለቱን ዕድሎች በመጠሪያና በደመወዝ ብቻ ካመዛዘኗቸው የመጀመሪያው ይበልጣል። እኔ ግን ቦታው አሁን በገለጹልኝ አኳኋን የሚቀጥል ከሆነ ሁለተኛውን፣ ማለትም የውስጥ ኦዲት ረዳትነቱን እንዲመርጡ እመክርዎታለሁ። ይህን የምለው አነስተኛ ድርጅት ለጀማሪ አይመችም ብዬ አይደለም፤ እንዲያውም ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ለማየት ከአነስተኛ ድርጅት የተሻለ ቦታ አይገኝም። የሚያሳስበኝ ተጠሪነቱ ነው። የሕግ ተገዢነት ባለሙያ፣ ማለትም ድርጅቱ ሕግንና የገባቸውን ግዴታዎች መከተሉን የሚከታተል ሰው፣ ከሚመረምራቸው ውሳኔዎች አብዛኞቹ የሥራ አስኪያጁ ውሳኔዎች ናቸው፤ ስለዚህ የተገኘውን ጉድለት የሚሰማው፣ የባለሙያውን የሥራ አፈጻጸም የሚመዝነውና ሲፈልግም ውሉን የሚያቋርጠው ያው ሥራ አስኪያጅ ብቻ ከሆነ፣ ባለሙያው የቱንም ያህል ቅንና ብርቱ ቢሆን ድምፁ ከአንድ ቢሮ አያልፍም።

የውስጥ ኦዲተሮች ተቋም የተባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 አሻሽሎ ያወጣው «ሦስቱ መስመሮች» የተሰኘ ማዕቀፍ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የመጀመሪያው መስመር ሥራውን የሚያከናውነውና ስጋቱንም የሚሸከመው ክፍል ነው፤ ሁለተኛው የሕግ ተገዢነትንና የስጋት አስተዳደርን የመሳሰሉ፣ ለመጀመሪያው መስመር ሙያዊ ድጋፍ እየሰጡ የሚከታተሉትን ሥራዎች ይይዛል፤ ሦስተኛው ከሥራ አመራሩ ነፃ ሆኖ ለቦርዱ ማረጋገጫ የሚሰጠው የውስጥ ኦዲት ነው። የመጀመሪያው የሥራ ዕድል የሚያስቀምጥዎት ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ይህ መስመር በባሕርዩ የሥራ አመራሩ አካል በመሆኑ ለዕለት ተዕለት ሥራ ለሥራ አስኪያጁ ተጠሪ መሆኑ ብቻውን ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ከባድ ጉዳይ ሲገጥመው በቀጥታ ወደ ቦርዱ ወይም ወደ ኦዲት ኮሚቴው የሚሄድበት በጽሑፍ የሰፈረ መብት ሊኖረው ይገባል። በቀረበልዎት የሥራ መዘርዝር ውስጥ የጎደለው ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሕግ ተገዢነትን ሥራ ቅጽ ሞልቶ በጊዜው ማስረከብ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ያም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት ዓመታዊ መግለጫውን ለ3 ተከታታይ ዓመታት ሳያቀርብ ከቀረ መብቱ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ እንዲቋረጥ የሚያደርግ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል፤ የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት በ2011 የመጀመሪያውን ዝርዝር ይፋ ሲያደርግ መብታቸውን ያጡት ድርጅቶች 275,000 ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹ ቀድሞውኑ ሥራ ያቆሙ እንደሆኑ ቢታመንም በሥራ ላይ የነበሩም አልጠፉባቸውም፤ እነዚህ መብታቸውን ለማስመለስ እንደ አዲስ ማመልከት ነበረባቸው። ስለዚህ በየትኛውም ድርጅት ሥራ ሲጀምሩ አስቀድመው የሚያዘጋጁት ሰነድ የግዴታዎች የጊዜ ሰሌዳ ይሁን፤ የምዝገባ እድሳት፣ የግብርና የጡረታ መዋጮ፣ የኦዲት ሪፖርት፣ ለእያንዳንዱ ለጋሽ የሚቀርበው ሪፖርት፣ የቦርድ አባላት የሥራ ዘመን የሚያበቃበት ቀን፣ ሁሉም ከነኃላፊው ስም ይስፈሩበት። የጊዜ ገደቡና መጠኑ ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርቱን የበጀት ዓመቱ ካበቃ በ10 ወር ውስጥ ለተቆጣጣሪው ኮሚሽን ማቅረብ አለበት፤ የኢትዮጵያ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ለሦስተኛ ወገን ጥቅም (ማለትም ከአባላቱ ውጭ ላሉ ሰዎች ጥቅም) በተቋቋሙ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ላይ የ20 በመቶ ጣሪያ አስቀምጧል። የሕግ ትምህርትዎ እዚህ ላይ ይረዳዎታል፤ አንድን ድንጋጌ አንብቦ «ይህ እኛን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም?» ብሎ መለየት የተማሩበት ነገር ነውና።

ድርጅትን የሚያስገድዱት ደንቦች ግን ከመንግሥት ብቻ የሚመጡ አይደሉም። የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ ከእያንዳንዱ ለጋሽ ጋር የተፈራረመው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነትም አለ። የሙያው ዋና ክህሎት እነዚህን ከቃለ ጉባኤውና ከክፍያ ሰነዱ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ነው። እንበልና ድርጅቱ ተሽከርካሪ ገዝቷል። የክፍያ ማዘዣው ተፈርሟል፣ ደረሰኙ ተያይዟል፣ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያዎችም ተሰብስበዋል፤ ሒሳቡን ብቻ የሚያይ ሰው አንድም ጉድለት አያገኝበትም። መተዳደሪያ ደንቡ ግን ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ግዥ በቦርድ እንዲጸድቅ ያዝዛል። ቃለ ጉባኤውን ሲከፍቱ ግዥው የጸደቀው ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን፣ በዚያ ዕለት የተገኙት አባላት ምልዓተ ጉባኤውን እንደማይሞሉ፣ ከተገኙትም አንዱ የሻጩ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ ይህን ሳያሳውቅ ድምፅ እንደሰጠ ያገኛሉ። የለጋሹን ስምምነት ሲያነቡ ደግሞ ተሽከርካሪ ለመግዛት አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይረዳሉ። አራቱ ሰነዶች በየፋይላቸው ሲቀመጡ እንከን የለባቸውም፤ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ለጋሹ ገንዘቡን እንዲመልሱ ሊጠይቅበት የሚችል ጉዳይ ይወጣቸዋል። የኦዲት ረዳትነቱን የመረጥኩልዎትም ይህን አነባበብ ከሌላ የትምህርት ቦታ ይልቅ እዚያ ፈጥነው ስለሚለማመዱት ነው።

በሕግ መገዛትና በመልካም አስተዳደር መካከል ያለውን ርቀት ማወቅም ያስፈልጋል፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ እጩዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ሲመልሱ እሰማለሁ። ኪድስ ካምፓኒ የተባለው የብሪታንያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጉዳይ ደጋግሞ ሊጠና የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ተቋቁሞ ለችግረኛ ልጆችና ወጣቶች ድጋፍ ይሰጥ የነበረው ይህ ድርጅት ከመንግሥት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ያገኘ ሲሆን፣ በ2015 ነሐሴ ውስጥ በድንገት ተዘጋ። በመዘጋቱ ዋዜማ በድርጅቱ ላይ የቀረበው የጥቃት ውንጀላ በኋላ በፖሊስ ተመርምሮ የወንጀል ማስረጃ አልተገኘበትም። የቦርድ አባላቱ ከኩባንያ ኃላፊነት እንዲታገዱ የቀረበውንም ክስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2021 ውድቅ አድርጎታል። እስከዚህ ድረስ የሚያነብ ሰው ሁሉም ነገር ደህና ነበር ሊል ይችላል። የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ በ2022 ባወጣው ሪፖርት ግን ድርጅቱ ለአበዳሪዎቹና ለግብር መሥሪያ ቤቱ በወቅቱ መክፈል ደጋግሞ ያልቻለ በመሆኑ የአስተዳደር ጉድለት እንደነበረበት ገልጿል፤ የመጠባበቂያ ገንዘቡ ማነስም ለችግር አጋልጦታል። የቦርድ አባላቱ በፍርድ ቤት አልተቀጡም፤ በድርጅቱ ይደገፉ የነበሩት ልጆች ግን ድጋፋቸውን አጥተዋል። የሕግ ተገዢነት ባለሙያ «ሕግ ተጥሷል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ላይ የሚያቆም ከሆነ ይህን የመሰለውን አደጋ ሊያየው አይችልም፤ ቦርዱ የገንዘብ ፍሰቱን በየስንት ጊዜው እንደሚመለከት፣ የኦዲተሩ ማሳሰቢያ በቃለ ጉባኤ ተይዞ መልስ ማግኘት አለማግኘቱን፣ መሥራቹ ያቀረበውን ሐሳብ የሚሞግት የቦርድ አባል መኖር አለመኖሩን ጭምር መመርመር ይኖርበታል።

ስለ ሒሳብ ላነሱት ጥያቄ፦ ሒሳብ ሠራተኛ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ የሒሳብ መዝገብ ማንበብ ግን የግድ ነው። የባንክ ማስታረቂያ (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር) እንዴት እንደሚሠራ፣ በጀትና ትክክለኛ ወጪ እንዴት እንደሚነጻጸሩ፣ የኦዲተር አስተያየት ዓይነቶች ምን ማለት እንደሆኑ ይወቁ። ከሁሉም በላይ ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ እንዴት ተለይቶ እንደሚያዝ ይማሩ፤ ይህ ለትርፍ ያልተቋቋመን ድርጅት ከንግድ ድርጅት የሚለየው ዋና ነጥብ ነውና። ለክትባት ፕሮጀክት የተሰጠ ገንዘብ በባንክ ሒሳቡ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሌላ ፕሮጀክት ሠራተኞች ደመወዝ ቢዘገይ፣ «ለጊዜው ከዚያ እንበደርና በኋላ እንተካለን» የሚል ሐሳብ በቅን ልቡና መቅረቱ አይቀርም። ሁለተኛው ለጋሽ ገንዘቡን ካዘገየ ወይም ውሉን ካቋረጠ የሚተካ ነገር አይኖርም፤ ድርጅቱም አንድም ሰው ሳይሰርቅ የአደራ ገንዘብ አጉድሎ ይገኛል። እኔ እንዳየሁት ድርጅቶችን በብዛት የሚጎዳው ስርቆት ሳይሆን ይህን የመሰለ ብድር ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ለትርፍ ባልተቋቋሙ ድርጅቶች ሒሳብ አያያዝ ላይ የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ይውሰዱ፤ የውስጥ ኦዲተርነት የሙያ ማረጋገጫ ፈተናውን ደግሞ የተወሰነ የሥራ ልምድ ካገኙ በኋላ ቢያስቡበት ይሻላል፤ ያለ ልምድ የተገኘ የምስክር ወረቀት በቃለ መጠይቅ ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ አያሻግርም።

የባንኮችን ጉዳይ በአጭሩ ልጥቀስልዎ። ሕገ ወጥ ገንዘብን ማጠብንና ሽብርን በገንዘብ መደገፍን ለመከላከል መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው፣ አሁን ምክረ ሐሳብ 8 በመባል የሚታወቀው መመሪያ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችን በጅምላ ለሽብር ገንዘብ የተጋለጡ አድርጎ ያይ ነበር፤ በ2016 እና በ2023 በተደረጉት ማሻሻያዎች ቁጥጥሩ በስጋት ላይ የተመሠረተና የተመጠነ እንዲሆን ተደርጓል። ያም ሆኖ ባንኮች ስለ ቦርድ አባላት፣ ስለ ለጋሾችና ስለ ገንዘቡ መድረሻ መጠየቃቸውን አላቆሙም። ለእነዚህ ጥያቄዎች በሰነድ የተደገፈ መልስ ማዘጋጀት የሚችል ሰው በየትኛውም ድርጅት ይፈለጋል።

እንደ ሰላይ የመታየት ስጋትዎን አቅልዬ አላየውም፤ ሥራውን ጀምረው የተዉ ሰዎች በብዛት የሚያነሱት ምክንያት ይህ ነው። ስጋቱ የሚበረታው ግን ባለሙያው የሚታየው ጥፋት ከደረሰ በኋላ ብቻ ሲሆን ነው። የፕሮጀክት አስተባባሪው ግዥ ከመጀመሩ በፊት ደውሎ «ይህን በየትኛው መንገድ ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቅዎት ከሆነ ግንኙነቱ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ለዚህም ለሚጠየቁት ሁሉ ፈጥኖ መልስ መስጠት፣ «አይቻልም» ከማለት ጋርም የሚቻልበትን መንገድ ማሳየት ይጠበቅብዎታል። የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቅጽ ሲያስሞሉ ከቦርድ ሰብሳቢውና ከሥራ አስኪያጁ ይጀምሩ። ከዘበኛና ከሾፌር የተጀመረ ቁጥጥር ሠራተኛው ዘንድ ከበሬታ አያገኝም፤ ትልቁ ጥፋትም ዘወትር ከታች አይመጣም። ዩናይትድ ዌይ የተባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዋና ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሥልጣኑ ወርዶ በ1995 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ የ7 ዓመት እስራት የተፈረደበት ዝናውና የሥልጣን ዘመኑ ከብዙ ጥያቄ ከልለውት ከቆዩ በኋላ ነው። ጠቋሚን፣ ማለትም ጥፋትን የሚያጋልጥን ሰው፣ ከበቀል የሚጠብቅ ፖሊሲ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ በአሜሪካ የሚሞላው ዓመታዊ መግለጫ ከ2008 የግብር ዓመት ጀምሮ የጥቅም ግጭት፣ የጠቋሚ ጥበቃና የሰነድ አያያዝ ፖሊሲዎች መኖር አለመኖራቸውን የሚጠይቀው የግብር ሕጉ ስለሚያስገድድ ሳይሆን እነዚህ በሌሉበት የቀረው መረጃ ብዙ እምነት ስለማይጣልበት ይመስለኛል።

አሁን የቀረዎት ተግባራዊ እርምጃ የመጀመሪያውን ድርጅት በትሕትና መጠየቅ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት የኦዲት ሪፖርቶችና ለኦዲተሩ የተሰጠውን የሥራ አመራር መልስ ማየት ይችሉ እንደሆነ፣ ቦርዱ ባለፈው ዓመት ምን ያህል ጊዜ እንደተሰበሰበ፣ ይህን ቦታ ቀድሞ ይዞ የነበረ ሰው ካለም ለምን እንደለቀቀ ይጠይቁ። ጥያቄዎቹ ቅር ካሰኟቸው ያ ራሱ መልስ ነው። በጎ ምላሽ ካገኙ ደግሞ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በሥራ መዘርዝሩ ላይ እንዲጨመሩ ይጠይቁ፦ ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርትዎን በአካል ለቦርዱ እንደሚያቀርቡ፣ ከሥራ የሚሰናበቱትም በቦርዱ ዕውቅና ብቻ እንደሆነ። እነዚህ ተጽፈው ተፈርሞባቸው ከመጡ ምክሬን ለውጬ አነስተኛውን ድርጅት ይያዙ እላለሁ፤ ደመወዙም የተሻለ ነው፣ ሥራውንም በሙሉ ስፋቱ ያዩታል። «በቃል ተስማምተናል፣ መጻፍ አያስፈልግም» ካሉዎት ግን የኦዲት ረዳትነቱ ማመልከቻ የመጨረሻ ቀን ሳያልፍ ሰነዶችዎን ያስገቡ።