የምርጫ ጥያቄ አወጣጥ፦ መምህራን ጠየቁ፣ መልሱ ይኸው

የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና እየቀረበ ስለሆነ፣ ስለ ምርጫ ጥያቄ አወጣጥ የሚያስቸግራችሁን ላኩ ተብሎ ነበር። ፈተና ዝግጅት ላይ የቆዩ አባላችን በተራ መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። መልሱን ለመጻፍ አልቸገርም፤ የሚያለፋኝ የተሳሳቱትን ሦስት አማራጮች መፈለግ ነው። መጨረሻ ላይ የመጣልኝን ቁጥር እጽፋለሁ።

ሰላም እኅቴ። የፈተናው ጥራት የሚለየው እዚያው እርስዎን ያለፋዎት ቦታ ላይ ነው። አዘናጊ አማራጭ፣ ማለትም የተሳሳተው፣ ከራስ አይፈለሰፍም፤ ከተማሪ ደብተር ይወሰዳል። 1/2 + 1/3 ስንት ነው ብለው ቢጠይቁ መልሱ 5/6 ነው። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት የሚደምር ልጅ 2/5 ያገኛል። የጋራ ታህቱን 6 ብሎ ላዕሎቹን ሳይለውጥ የሚደምር 2/6 ይላል። ማባዛትና መደመር የተምታታበት 1/6 ይመርጣል። አራቱም አማራጮች ባለቤት አላቸው ማለት ነው።

ሌላ ልጨምር፦ 200 ብር የሆነ ዕቃ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ስንት ብር ይሸጣል? መልሱ 230 ነው። 215 የመረጠው መቶኛን እንደ ብር ቆጥሮታል፤ 30 የመረጠው ታክሱን አስልቶ ዋጋው ላይ መደመሩን ረስቷል፤ 170 የመረጠው ደግሞ ቀንሷል። እርማቱ ሲያልቅ ክፍሉ ግማሽ በግማሽ 215 ላይ ከተሰበሰበ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚያስተምሩ ታወቀ። በቦታው 187 ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ምንም አይነግርዎትም ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከፈተናው አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ተመሳሳይ ጥያቄ ያለ አማራጭ የክፍል ሥራ አድርገው ይስጡ። የተሳሳቱትን መልሶች በዓይነት በዓይነት ይቁጠሩ፤ በብዛት የመጡትን ሦስቱን ይውሰዱ። ለፈተናው ቁጥሮቹን ብቻ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ስሕተት ካጣሁስ? አራት አማራጭ ግዴታ ነው?

የትምህርት ቤቱ ደንብ ካላስገደደ ግዴታ አይደለም። ማንም የማይመርጠው አራተኛ አማራጭ ወረቀት ላይ አለ እንጂ ለተማሪው የለም። ከ60 ተማሪ ሦስት እንኳ ካልመረጡት እንደ ሞተ ይቆጠር። ሦስት አማራጭ ሲሆን በግምት የማግኘት ዕድል ከ25 ወደ 33 በመቶ ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ በ20 ጥያቄ ሲሰላ ከ5 ወደ 7 ገደማ መሆኑ ነው። በአንጻሩ ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ለሚጽፍ መምህር 80 የአማራጭ መስመር 60 ይሆንለታል፤ በተረፈው ጊዜ ሌላ አራት አምስት ጥያቄ መጨመር ይችላል። እኔ በግሌ ሦስት ጥሩ አማራጭ ከአራት ለይስሙላ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ «ሁሉም መልስ ናቸው» እና «መልስ የለም»ስ?

ሁለቱንም ይተዉአቸው። ተማሪው ከአራቱ ሁለቱ ትክክል መሆናቸውን ብቻ ካወቀ «ሁሉም» ብሎ ያገኛል፤ ሦስተኛውን ማወቅ አይጠበቅበትም። አንዱ ስሕተት መሆኑን ካወቀ ደግሞ «ሁሉም» የሚለው ወዲያው ይወድቃል። «መልስ የለም» መልስ ሆኖ ሲመጣ፣ ልጁ ስሕተቱን መለየቱን እንጂ ትክክለኛውን ማወቁን አያሳይም።

ጥያቄ፦ ያላጠና ተማሪ እንኳ ብዙውን ያገኘዋል። ምን እያሳበቀብኝ ነው?

በመጀመሪያ ርዝመቱን ይዩ። መምህር ትክክለኛውን መልስ እንዳይከራከሩበት ሲያሟላው ይረዝማል፤ ተማሪም ይህን ያውቃል። ወይ አዘናጊዎቹን ያርዝሙ ወይ መልሱን ያሳጥሩ።

ቀጥሎ ሰዋስው ነው። «የቁስቋምን ቤተ መንግሥት ያሠራችው ማን ናት?» ብለው ምንትዋብ፣ ፋሲል፣ ዮሐንስና በካፋ ከደረደሩ፣ ታሪክ ያላነበበም አያጣውም። «ቤተ መንግሥቱ በማን ትእዛዝ ተሠራ?» ቢባል ፍንጩ ይጠፋል። «የትኞቹ ናቸው» ብሎ አንዱን አማራጭ ብቻ በብዙ ቁጥር መጻፍም ያው ነው። በእንግሊዝኛ ለምታወጡት፣ የጥያቄው ግንድ (ከአማራጮቹ በፊት ያለው ክፍል) «አን» ብሎ አልቆ በአናባቢ የሚጀምረው አማራጭ አንድ ብቻ እንዳይሆን።

«ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ብቻ» የሚሉ አማራጮች አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት እንደሆኑ ልጆቹ ደርሰውበታል። የአማራጮቹ ወገን ይመሳሰል፤ የዓባይን መነሻ ጠይቆ ጣና ሐይቅን፣ አዋሽ ወንዝን እና ራስ ዳሸን ተራራን መደርደር ምርጫውን ያጠበዋል። መልሱንም «ሐ» ላይ የመደበቅ ልማድ አለ፤ አማራጮቹን በፊደል፣ ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ ከደረደሩ ችግሩ በራሱ ይቃለላል።

ጥያቄ፦ «ያልሆነው የቱ ነው» ማለት ይቻላል?

ማወቅ ያለባቸው ነገር ራሱ ክልከላ ሲሆን ይቻላል፤ ለምሳሌ ቤተ ሙከራ ውስጥ የማይደረገው። ያን ጊዜም «ያልሆነው» ይሰመርበት። ሌላው በቀና መንገድ ይጠየቅ፦ «በስምጥ ሸለቆ የማይገኘው ሐይቅ» ከማለት «የሚገኘው» ብሎ ጣና፣ ወንጪ እና ላንጋኖን ማቅረብ ይበቃል። አሉታዊ ግንድ ላይ አሉታዊ አማራጭ ከተደረበ ግን የሚፈተነው የማንበብ ትዕግሥት ነው።

ጥያቄ፦ የምርጫ ጥያቄ ሽምደዳ ብቻ ነው የሚባለውስ?

ጥያቄውን ከደብተሩ ቃል በቃል ከገለበጡት፣ አዎ። ክፍል ውስጥ ያልተነሳ ሁኔታ ይስጡ። «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ከማለት፦

የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስ ከቆይታ በኋላ ውሃ የሚያወጣው ለምንድን ነው?
ሀ. ከሴሎቹ ውጭ ያለው የጨው ክምችት ስለሚበልጥ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል
ለ. ጨው ወደ ሴሎቹ ገብቶ ውሃውን ገፍቶ ያስወጣል
ሐ. ጨው ሲሟሟ ራሱ ወደ ውሃ ይለወጣል

«ሐ»ን የሚመርጡ ይኖራሉ። መሟሟትንና መለወጥን ገና አልለዩም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ላይ የቀረ ክፍተት ነው።

ጥያቄ፦ በ40 ደቂቃ ስንት ጥያቄ?

ለማስታወስ አንድ ደቂቃ፣ ለስሌት ወይም ለአንቀጽ ሁለት ደቂቃ ያስቡ። ወረቀት ማደያና መሰብሰቢያ ሲቀነስ 20 እስከ 25 ጥያቄ ይሆናል። ምዕራፉን የሚያካፍሉት ባስተማሩበት ክፍለ ጊዜ ልክ ነው፦ 12 ክፍለ ጊዜ ከፈጀው ውስጥ ርዕሶቹ 6፣ 4 እና 2 ወስደው ከሆነ፣ 20ው ጥያቄ 10፣ 7 እና 3 ይሆናል። ይህን ሰንጠረዥ ከጥያቄዎቹ በፊት ይሥሩ። ካልሆነ ለማውጣት የሚቀልለው ርዕስ ፈተናውን ይወርሰዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ይቀመጣል። መኮራረጁን እንዴት ላስቀር?

ኮድ 1 እና ኮድ 2 አውጥተው የጥያቄዎቹን ተራ ይቀያይሩ። አማራጮቹንም ካዘዋወሩ «ሀ እና ለ» የሚል አማራጭ አይኑር፤ ይበላሻል። ለሁለቱም ኮድ የመልስ ቁልፍ ለየብቻ ሠርተው፣ ሌላ መምህር ቁልፉን ሳያይ ፈተናውን ሠርቶ ይፈትሽልዎ። ልጆቹ ኮዳቸውን መጻፋቸውን ወረቀት ሳይሰበሰብ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ልቀንስ?

አይቀንሱ። የሚቀጣው ደፋሩን ሳይሆን ግማሽ የሚያውቀውን ፈሪ ነው።

ጥያቄ፦ ጥያቄዬ ጥሩ እንደነበር ካረምኩ በኋላ በምን አውቃለሁ?

የ60 ተማሪ ወረቀት በውጤት ደርድረው ከላይ 16፣ ከታች 16 ይለዩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከየቡድኑ ስንቱ እንዳገኘው ይቁጠሩ። ከላይኞቹ 12፣ ከታችኞቹ 4 ካገኙት፣ ልዩነቱ 8 ለ16 ሲካፈል 0.5 ነው፤ በጣም ጥሩ። ከ0.3 በላይ ከሆነ ይቀመጥ፤ ከ0.2 በታች ከሆነ ይታረም። ሁሉም ያገኘው ጥያቄ ልዩነቱ ዜሮ መሆኑ አያስደነግጥ፤ መሠረታዊ ነጥብ ከሆነ ይቆይ።

የሚያስደነግጠው ሲገለበጥ ነው። ከላይኞቹ 5፣ ከታችኞቹ 9 ካገኙት ውጤቱ ከዜሮ በታች ነው፤ ጎበዞቹ ሌላ ፊደል ላይ ተሰብስበዋል። መጀመሪያ ቁልፉን ይዩ፣ ብዙ ጊዜ ፊደል ተሳስቶ ነው። ቁልፉ ልክ ከሆነ፣ ጎበዞቹ የመረጡት ሁለተኛ ትክክለኛ መልስ ሳይሆን አይቀርም፤ ለመረጡት ሁሉ ነጥቡን ሰጥተው ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ይመልሱ።