ሳላየው የጻፍኩት ቀበሮ

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ መጣች። የባዮሎጂ ተማሪ ናት፣ ሦስተኛ ዓመት። ከክፍሏ ልጆች ጋር ለመስክ ትምህርት ወደ ባሌ ተራሮች ልትሄድ ነው። እኔ ዕድሜዬን በዱር እንስሳት ሥራ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ እናቷ «ሂጂ ጋሼን ጠይቂ» ብላ ልካታለች። ጥያቄዎቿን ደብተር ላይ በተራ ቁጥር ጽፋ ነው የመጣችው። ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጅቡ ጠየቀችኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። ሁሉንም መለስኩላት። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ቀይ ቀበሮውን ሳናየው ብንመለስ ሪፖርቱ ላይ ምን እንጻፍ?»

«አላየንም ብላችሁ ጻፉ!»

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ልጅቷ ደንግጣ ቡናዋን ሳትጨርስ ሄደች። እኔም ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ምን በድላኝ ነው የጮህኩባት? ምንም። የጮህኩት በራሴ ላይ ነበር።

እንግዲህ ይሄን የምጽፈው ለሷ ነው፤ እግረ መንገዴን ደግሞ ለናንተ፣ መስክ ለምትወጡ ልጆች። ቦት ጫማና ጃኬት ያዙ አልላችሁም፣ እሱን እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል።

በ1980 ዓ.ም. እኔም ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ወሩ ጥር ነው። በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ታጭቀን ከአዲስ አበባ ተነሳን። የምንሄድባት የባሌዋ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከሻሸመኔ ወዲያ ያለው መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነበር፣ ስንደርስ ጨልሟል፣ ፀጉራችን ሁሉ በአቧራ ሸብቷል። ጠዋት ከድንኳን ስንወጣ ከርከሮዎች የፊት ጉልበታቸውን አጥፈው ሣር ይግጣሉ፣ ልክ እንደሚሰግድ ሰው። እኛን ከምንም አልቆጠሩንም። ትንሽ ራመድ እንዳልን ከጽዱ ዛፍ ሥር የደጋ አጋዘን ቆሟል። ያ ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ፣ አሥር ሳንቲም ላይ ያለው። አንዱ ጓደኛችን ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ወደ ላይ ይዞ ቀንዱን ሊያነጻጽር ሲሞክር እንስሳው ዘሎ ጠፋ። «ሳንቲሙን አይቶ ነው የሸሸው፣ የደመወዛችን ነገር አስጠልቶታል» አለ ሹፌሩ።

ትምህርቱ የሐሩር ክልል ሥነ ምህዳር ነበር። ሐሩር ሲባል ሁላችንም ላብና ትንኝ ነበር የሚታየን። እኛ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ላይ፣ ሌሊት የባልዲ ውኃ የሚረጋበት ቦታ፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ቆመናል። መምህራችን ያን ጊዜ ያስረዳን ነገር እስካሁን አልጠፋኝም። እንደኛ ለምድር ወገብ በቀረበ ከፍተኛ ተራራ ላይ በወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትልቁ ልዩነት በአንድ ቀን ውስጥ፣ በቀንና በሌሊት መካከል ነው። እዚያ የሚኖር ነገር ሁሉ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልም አይጡም ቀበሮውም፣ በየዕለቱ ሁለት የአየር ጠባይ ችሎ ነው የሚያድረው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ዌብ ሸለቆ ወሰዱን። በየቦታው አንድ አንድ ሰው አስቀመጡ። ሥራው ቀላል ነው። በስቴንስል የተባዛ ቅጽ አለ፣ ትንንሽ ሳጥኖች ያሉት። በየአሥር ደቂቃው ቀበሮው ምን እያደረገ እንደሆነ መጻፍ ነው። ተኝቷል፣ ይሄዳል፣ ያድናል፣ ይበላል። ካልታየ «አልታየም»። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። እርሳስ፣ አንድ የእጅ ሰዓት፣ ጉርሻ የምታህል ቆሎ።

ዕድለኛ ነበርኩ። ፀሐይ ወጣ ስትል ቀበሮው መጣ። ቀይ ነው፣ አንገቱ ሥር ነጭ አለው፣ እግሩ ረጅም። ሌሎቹ የዘመዶቹ ልጆች ማታ ማታ ሲዞሩ ይሄኛው ቀን ነው የሚያድነው፣ ምክንያቱም ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፣ እነሱ ደግሞ በዚያ ብርድ የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ነው። የባሌው ትልቅ ፍልፈል ሌላ ቦታ የለም። ጭንቅላቱንና ደረቱን ብቻ ከጉድጓዱ አውጥቶ፣ የኋላ እግሩን ውስጥ ትቶ፣ ዙሪያውን ያለውን ሣር ጠራርጎ ይገባል። ቀበሮው ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ ሆዱን መሬት አስነክቶ ተጎትቶ ተጎትቶ ይደርስና እንደ ድንጋይ ይሆናል። እኔም እንደ ድንጋይ ሆንኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ የጻፍኩት እያንዳንዱ ፊደል እውነት ነው።

አጠገቤ አንድ እረኛ ልጅ ነበረ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ቡሉኮ ተከናንቦ ከብት ይጠብቃል። እኔ ናዝሬት ስላደግኩ ኦሮምኛ እሞካክራለሁ፣ እሱ በኔ ኦሮምኛ ይስቃል። የቀበሮውን ስም ያስተማረኝ እሱ ነው፣ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ካለች እንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚከተላት ነው ይላሉ። ይሄን ስም ቅጹ ላይ የሚጽፉበት ቦታ አልነበረም። ጎን ላይ ጻፍኩት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ብርዱ አጥንቴ ገባ። ፀሐይ ወጥታለች ግን ነፋሱ ይጋረፋል። ልጁ ወደ ጎጇቸው አመለከተኝ። እናቱ ትኩስ ወተት ሰጡኝ። እሳት ዳር አስቀመጡኝ። «አምስት ደቂቃ» አልኩ ለራሴ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሴትዮዋ ትከሻዬን ሲነቀንቁኝ ነው። ሰዓቴን ሳይ 5 ሰዓት ሆኗል።

ሮጬ ተመለስኩ። ቀበሮው የለም። ልጁ ግን እየዘለለ ይጠብቀኛል። «ሰሬ! ሰሬ!» ይላል። ውሻ። ውሻ መጣ ነው የሚለው። በቃልም በእጅም አስረዳኝ። ከመንደር አንድ ጥቁር ውሻ መጣ፣ ከቀበሮው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተሸታተቱ፣ ከዚያ ተናከሱ፣ ውሻው አባረረው፣ ከጉብታው ጀርባ ተሰወሩ። የተናከሱበትን ቦታ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ሣሩ ላይ የተነቀለ ቀይ ፀጉር ነበር።

አሥራ ሁለት ባዶ ሳጥን በእጄ ላይ አለ።

ልጄ፣ ምን እንዳደረግኩ ገምተሻል። ቁጭ ብዬ ሞላኋቸው። ተኝቷል፣ ተኝቷል፣ ይሄዳል፣ ያድናል። ሁሉም እንዳይሰላች አንዱ ላይ «አድኖ ሳተ» ብዬ ጨመርኩበት። የሚያሳፍረኝ እሷ ናት፣ ያቺ «ሳተ»። ሰው ሲዋሽ እውነት እንዲመስል ትንሽ ሽንፈት ይጨምርበታል። ውሻውን ግን አልጻፍኩም። ውሻውን ብጽፍ ማን እንዳየው ልናገር ነው፣ ማን እንዳየው ከተናገርኩ ደግሞ እኔ የት ነበርኩ? እረኛው ልጅ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ወረቀቱን ያያል። ማንበብ አይችልም። የነገረኝን እየጻፍኩ መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

ማታ መምህሩ ቅጾቹን በፋኖስ አነበበ። የኔን ሲደርስ ቆመ። ለሁሉም ጮክ ብሎ አነበበው። «ይሄ ልጅ ዓይን አለው» አለ። ባየሁት ሦስት ሰዓት አይደለም ያመሰገነኝ። በ«ሳተ» ነው።

በማግስቱ የሳነቲን አምባ ተሻግረን ሐረና ጫካ ወረድን። ይሄን ልተወው ነበር ግን ጉንዳኑን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከዚያ ቅዝቃዜ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሽበት የተንጠለጠለባቸው ግዙፍ ዛፎች ውስጥ ትገባላችሁ፣ ዝቅ ሲባል ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና አለ። ጠዋት ጉሬዛው ዛፍ ላይ ሆኖ ሲያጓራ ደረታችሁ ውስጥ ይሰማችኋል። ሌሊት የጉንዳን ሠራዊት የወንዶቹን ድንኳን አቋርጦ አለፈ። ሃያ ወንድ ልጅ በውስጥ ሱሪ ጨለማ ውስጥ ሲጨፍር አስቡት። መምህሩ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አደረ። በዚያው ሌሊት አንድ የሚያገሳ ድምፅ ሰምተናል፤ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ አንበሳ ነው ይላሉ፣ ሐረና ውስጥ አንበሳ መኖሩም እውነት ነው። እኔ ጅብ ነው እላለሁ። በተገናኘን ቁጥር አንበሳው ወደ ድንኳኑ እየቀረበ ነው የሚመጣው። ባለፈው ዓመት በአንዱ ልጅ ሠርግ ላይ ስንገናኝ ድንኳኑን በእግሩ ነክቶታል።

ጨዋታ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ቅጹ ግን ጨዋታ አይደለም።

ሦስት አራት ዓመት አለፈ። እኔ ተመርቄ ቢሮ ገብቻለሁ። በ1991 እና በ1992፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ባሌ ውስጥ በእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹ አለቁ። ዌብ ሸለቆም ክፉኛ ተመታ። በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሾች ነው። ያ ጥቁር ውሻ በሽተኛ ነበር አልልም፣ ሊሆንም አይችልም፣ ዓመቱ አይገጥምም። ግን አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አንድ ትልቅ ሰው ጠየቁ። «ከዚህ በፊት ውሻና ቀበሮ እንዲህ ተቀራርበው በዓይኑ ያየ፣ የመዘገበ አለ?» እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አየሁ። ውኃውን ጠጣሁ። ምንም አልተናገርኩም።

ሌሎች ሰዎች ኋላ በደንብ አጠኑት። ውሻው በሽታ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ከቀበሮዎቹ ጋር ተዳቅሎም ተገኝቷል። በፈረንጆቹ 2003 በሽታው እንደገና መጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት በሙሉ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ውሾቹን መከተብ ከተጀመረ ቆይቷል፤ በፈረንጆቹ 2018 ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርገው ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ ማብላት ጀመሩ። ይሄን ሁሉ የሠሩት የኔን ወረቀት ሳይጠብቁ ነው። የኔ ወረቀት ቢኖር ታሪክ ይለወጥ ነበር ብዬ አልመጻደቅም። አንድ እረኛ ልጅ ያየውን ነገር ግን እኔ ውጬ አስቀርቼበታለሁ፣ እሱ ነው የማይፋቀው።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላችሁ። አያያዛችሁን አይቻለሁ። እንስሳው ገና ብቅ ሳይል ስልክ ይመዘዛል፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁት ከሱ ጋር ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ ወደ አውቶቡሱ። ሪፖርቱን ደግሞ ቻትጂፒቲ ይጽፍላችኋል። እኔ አሥራ ሁለት ሳጥን ለመዋሸት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ለፍቻለሁ! ስልኩን እቤት ጥላችሁት ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ቆይ ግን። ያኔ እኔ ጋ ሰዓቱን የሚመዘግብ ስልክ ቢኖር ኖሮ መዋሸት እችል ነበር? ልጁስ ውሻውን በቪዲዮ ቀርጾ አይጠብቀኝም ነበር? እንግዲያው ያልኩትን መልሼአለሁ፣ ያዙት። ፊታችሁን ብቻ ወደ እንስሳው አዙሩ።

ሌላ ምክር የለኝም ማለት ይቻላል። እንቅልፍ ከያዛችሁ ተኙ። እውነቴን ነው፣ ለሳይንስ ብሎ በብርድ የሞተ ተማሪ አልፈልግም። ተኝታችሁ ስትነቁ ግን ሳጥኑ ውስጥ «ተኝቼ ነበር» ብላችሁ ጻፉ። መምህራችሁ ሊቆጣ ይችላል፣ ይቆጣ። ሌላ ሰው ያየውን «እገሌ አይቶ ነገረኝ» ብላችሁ ከነስሙ ጻፉ። እኔ የዚያን ልጅ ስም ጠይቄዋለሁ፣ ነግሮኛልም፤ ስላልጻፍኩት ጠፋኝ።

ቅጹ እኔ ጋ ነው። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ግሩም» ብሎበት መልሶልኛል። ከአራት ቤት ኪራይ ጋር አብሮኝ ዞሯል። ከእሑድ ሌሊት ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት እርሳስ አንስቼ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያሉትን አሥራ ሁለት ሳጥኖች ሰረዝኳቸው፣ ጎኑ ላይም «አልነበርኩም። እረኛው ልጅ ውሻ አይቷል» ብዬ ጻፍኩ። የእርሳሱ ቀለም ከድሮው ጋር አይመሳሰልም፣ ያስታውቃል። ያስታውቅ።

ልጄ፣ አውቶቡሳችሁ ሐሙስ ነው የሚነሳው ብለሽኛል። ረቡዕ ማታ ብቅ በይና ባይኖኩላሬን ውሰጂ። የግራው መስታወት ትንሽ ደብዝዟል፣ በቀኙ እዪ። ቡናሽንም ጨርሰሽ ትሄጃለሽ።