ጅራፉ የማይጮኸው ጫፉ ስላልቀጠነ ነው

ለቡሄ ከልጆችህ ጋር የጎነጎንከው የቃጫ ጅራፍ «ሿ» ከማለት አልፎ አልጮህ እንዳለህ ጽፈህልኛል። ከእጀታው እስከ ጫፉ ውፍረቱ እኩል ነው ያልከው ላይ ነው ችግሩ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲወረወር ነው። ለዚህ ደግሞ እየቀጠነ መሄድ አለበት።

አትጣለው፣ ይስተካከላል።

1. ከመሃሉ ጀምረህ ፍታና ቃጫውን ውኃ አስነካው። እርጥብ ሲሆን ለመጎንጎን ይመቻል።

2. ሦስቱን ዘለላ መልሰህ ስትጎነጉን በየስንዝሩ ከእያንዳንዱ ጥቂት ክር ቀንስ። መጨረሻው የጫማ ማሰሪያ ያህል ይቅጠን። ልጆቹ የሚቀነሰውን ክር ይምዘዙልህ፤ ሥራው የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

3. ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ክር ቋጥር። ቶሎ ያልቃል፣ ሲያልቅ ቀይረው።

አወራወሩ ጉልበት አይፈልግም። ከራስህ በላይ አንዴ አዙረህ በድንገት ወደ ተቃራኒው መልሰው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ አንድ ዓመት ጫፉን በፕላስቲክ ገመድ ሠራሁት። ድምፁ ሰፈሩን አናወጠው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሳጮኸው ግን የገዛ ጆሮዬን ገረፈኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ሲባል የገባኝ ያኔ ነው! ለልጆች ቃጫ ብቻ ይሁን። አንዱ ሲያጮህ ሌሎቹ ከጅራፉ ርዝመት ቢያንስ እጥፍ ይራቁ። የመብራት ሽቦ የሌለበት ሜዳ ምረጡ። እስከ ነሐሴ 13 ለመለማመድ ጊዜ አላችሁ።