መልስ፦ በደም ምርመራ አይጂኢ (IgE፣ ከአለርጂ ጋር የተያያዘ የሰውነት ፀረ-አካል) 640 ወጣ ማለት አለርጂዬ ከባድ ነው ማለት ነው?

አይደለም። 640 ብቻውን የአፍንጫ አለርጂህ ምን ያህል እንደከፋ አይናገርም። ጠቅላላ አይጂኢው ጣሪያ ነክቶ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስነጥሰው አለ። ቁጥሩ ኖርማል ሆኖ ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ የሚያድርም አለ። ኢኦሲኖፊልም (በአለርጂ ጊዜ የሚበዛ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ፍንጭ ቢሰጥ ነው።

ክብደቱ የሚታየው ከኑሮህ ነው። እንቅልፍ ይነሳሃል? ሥራ ያስተጓጉልሃል? በሳምንት ስንት ቀን? ለሐኪሙ ይህን ንገረው። መንስኤውን ለማወቅ ከሆነ፣ ለአቧራ ወይም ለአበባ ብናኝ ለየብቻ የሚለካው አይጂኢ ይሻላል።

ደግሞ ሰገራ ተመርመር። የአንጀት ትል የአይጂኢንም የኢኦሲኖፊልንም ቁጥር ከፍ ያደርጋል። እኔ አቧራ ነው ብዬ ምንጣፉን ሁሉ ካስወጣሁ በኋላ ወስፋት ተገኘብኝ። ማስነጠሱ ግን ትሉ ከወጣም በኋላ አልተወኝም።